የውሻ ማቆያ ልትከፍቱ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደብረ ብርሃን ላይ የውሻ ማቆያ ከከፈትኩ ወዲህ "እኔም ልጀምር ነው" የሚሉ ወጣቶች ግቢዬን ሊያዩ ይመጣሉ። ደስ ይለኛል። ግን ሁሉም የሚጠይቁኝ በቀን ስንት እንደማስከፍል ነው። ስለ ክትባት የጠየቀኝ እስካሁን የለም።

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው፤ ውሻን በባለቤቱ ቃል ብቻ መቀበል። እኔም ሠርቼዋለሁ። የፋሲካ ሰሞን ነበር። አንዲት የሰፈራችን እናት ቡችላ ታቅፈው መጡ። ለበዓል አዲስ አበባ ልጆቻቸው ጋ ሊሄዱ ነው። "እትዬ፣ የክትባት ካርዱስ?" አልኳቸው። "ተከትቧል አልኩህ እኮ! እኔን አታምነኝም?" አፈርኩና ተቀበልኩ። በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረ። ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ። ፓርቮ ነው፤ የቡችላን አንጀት የሚያጠቃ ተላላፊ የቫይረስ በሽታ። ቡችላው ሞተ። አጠገቡ ከነበሩት ሁለት ቡችሎች የተረፈው አንዱ ነው።

እትዬ አልዋሹም። ለካ የተከተበው ለእብድ ውሻ በሽታ ብቻ ኖሯል! ስለዚህ "ተከትቧል" መልስ አይደለም። ለምን? መቼ? ስንተኛው ዙር? ቡችላ የፓርቮ ክትባት አንዴ ተወግቶ አይበቃውም፤ 4 ወር እስኪሞላው በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይደገምለታል። ትናንት ተወግቶ ዛሬ የመጣም ገና አልተጠበቀም። የእብድ ውሻ ክትባትም ያው ግዴታ ነው፤ በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊደበቅ ይችላል። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ባለቤቱ ይቀየመኛል ብላችሁ ካርዱን ሳታዩ በር አትክፈቱ። ይቀየም!

ያኔ የበረቴ ወለል አፈር ነበር። ሁለተኛው ጥፋቴ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ በረኪና ብታፈሱበትም አፈርና ቆሻሻ ጉልበቱን ይበላዋል። ሲሚንቶ አስደርጉ። መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙና አጥቡ፤ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩበት።

ሲሚንቶው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከመስቀል በኋላ ውርጩን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ጸጉረ አጭር ውሻ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መኝታ ሥሩና ደረቅ ጭድ አንጥፉበት። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነን ብላችሁ ብርድ ልብስ አትከምሩ፤ ከረጠበ ከባዶ ወለል ይብሳል።

ምግብ ላይ ሰው ሁሉ የወጥ ትራፊ ያስባል። የእኛ ወጥ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል። የሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሰውም ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ምን ሊያበላ ነው? በዓል ላይ ውሃ የቋጠረ የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትወርውሩ። ውሻው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ይይዘዋል፤ እንቁላሉ ከውሻው ወደ እናንተና ወደ ልጆቻችሁ ይተላለፋል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እኔ ጋ የመጀመሪያው ቀን ሳይበላም ይጮኻል። አትደንግጡ፤ ባለቤቶቹ ከለመደው ምግብ ጥቂት ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው።

ሌሊት ጅብ ሲያላዝን ግቢው በሙሉ ይነሳል። ጎረቤት ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ የደረሰባትን ሴት ውሻ አትቀበሉ። ወንዶቹን አጥር አያግዳቸውም።

ቀብድ ያዙ። አንድ ሰውዬ "ለሳምንት ነው" ብሎ ያስቀመጠው ውሻ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስልኩ አይነሳም። ስሙን ለውጬ ቀብድ ብዬዋለሁ፤ አሁን ደጄን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው።