ማሌዥያ ውስጥ ለቻይናውያን አዲስ ዓመት ከተጠራችሁ

ማሌዥያ የምትማሩ ወይም የምትሠሩ ከሆነ፣ የቻይና ዘር ያለው ጓደኛችሁ አንድ ቀን «ለአዲስ ዓመት ቤት ኑ» ማለቱ አይቀርም። ሂዱ። እዚያ አገር በበዓል ቤትን ለእንግዳ ከፍቶ መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ማላዮቹ በኢድ፣ ሂንዱዎቹ በዲፓቫሊ ያደርጉታል። የጠሯችሁ ከልባቸው ነው።

ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ይለዋወጣል። በ2027 ፌብሩዋሪ 6 ላይ ይውላል። በዓሉ 15 ቀን ይቆያል፣ ግን በፈለጋችሁት ቀን ዘው አይባልም። የዋዜማው እራት የቤተሰብ ነው፣ ልጆች ካሉበት ተጠራርተው ወላጆቻቸው ቤት የሚሰበሰቡበት። ሁለተኛው ቀን ያገቡ ሴቶች ወደ እናት አባታቸው የሚሄዱበት ነው። ሦስተኛው ቀን ደግሞ ጠብ ያመጣል ብለው ሰው ቤት የማይሄዱ አሉ። ስለዚህ «የትኛው ቀን ይመቻችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባዶ እጅ አይኬድም። ውድ ስጦታ ፍለጋ ግን አትድከሙ፣ መንደሪን ይበቃል። ቁጥሩ ጥንድ ይሁን፣ ሁለትም ቢሆን ችግር የለውም። በር ላይ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ፣ ከትልቅ ሰው ጀምራችሁ «ጎንግ ሺ ፋ ቻይ» (ሀብት ይብዛላችሁ) እያላችሁ ስጡ። ስትወጡ እነሱም ሁለት መንደሪን ይመልሱላችኋል። «ኧረ ይቅርብኝ» እንዳትሉ! መልካም ምኞቱ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በዚህ ነው፣ ተቀበሉ። የግድግዳም ሆነ የጠረጴዛ ሰዓት ግን በፍጹም አትውሰዱ፣ ከቀብር ጋር ያያይዙታል።

አለባበስ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አገር ልብስ ለብሼ ላስደስታቸው ብላችሁ ነጭ በነጭ እንዳትሄዱ፤ ነጭ የሐዘን ቀለማቸው ነው፣ ጥቁርም ለበዓሉ አይወደድም። ደማቅ ቀይ ጥለት ያለው ወይም ባለቀለም የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ግን በጣም ያምራል።

ገንዘብ የሚሰጠው በቀይ ፖስታ ነው፣ «አንግ ፓው» ይሉታል። ሰጪው ያገባ ሰው ነው፣ ተቀባዩ ልጆችና ያላገቡ። እና ሠላሳ ዓመት ሞልቷችሁም ካላገባችሁ ሊደርሳችሁ ይችላል። ያገባችሁ ከሆነ ግን ለቤቱ ልጆች አዘጋጁ፣ ብሩ አዲስ ይሁን፣ 4 ቁጥር ያለበትን መጠን ተዉት። ስትቀበሉ በሁለት እጅ፣ ሰጪው ፊት ደግሞ አይከፈትም።

ምግቡ ላይ አትሳቀቁ። የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ሙስሊም ጎረቤቶች ስላሏቸው ብትጠይቁ አይከፋቸውም። «ባክ ክዋ» የሚባለው ቀይ፣ ጣፋጭ ደረቅ ሥጋ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው። አንዳንድ የአናናስ ኩኪስም በአሳማ ስብ ስለሚሠራ ጠይቁ። በዓሉ አንዳንዴ ከዐቢይ ጾም ጋርም ይገጥማል፤ በ2026 ለምሳሌ ጾሙ በገባ ማግስት ነው የዋለው። «ሥጋ አልበላም» ስትሉ ቶሎ ይገባቸዋል፣ በመጀመሪያው ቀን ሥጋ የማይቀምሱ ቡዲስቶች ብዙ ናቸውና። እንቁላልና ወተት ግን እነሱ ላይከለክሉ ስለሚችሉ ለይታችሁ ንገሯቸው።

ከሁሉም እኔ የምወደው «ዪ ሳንግ»ን ነው። ትልቅ ሳሕን ላይ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮት፣ ነጭ ራዲሽ፣ ፖሜሎ (ትልቅ የብርቱካን ዘመድ ፍሬ) እና ጥሬ ዓሣ ይደረደራል። አንዱ ዘይት ሲያፈስ፣ ሌላው ሰሊጥ ሲበትን፣ ሌላው የተፈጨ ኦቾሎኒ ሲነሰንስ ለእያንዳንዱ ምርቃት አለው። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ ቾፕስቲኩን ይሰድና «ሎ ሄ!» እያለ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ዓመቱ ይሰምራል ይባላል። ጠረጴዛው ሲዝረከረክ አትደንግጡ፣ ለማጽዳትም አትነሱ። ቾፕስቲክ ካልቻላችሁበትም ግቡበት፣ ማንም ልብ አይልም። ጥሬ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። የፈጠራው ባለቤት እኛ ነን በሚለው ሲንጋፖርና ማሌዥያ እስከዛሬ ይከራከራሉ፣ አስተናጋጃችሁን የማን እንደሆነ ጠይቁትና ጨዋታው ይደራል።

ፔናንግ በምትባለው የማሌዥያ ደሴት ከሆናችሁ ስምንተኛውን ሌሊት ቤት አትዋሉ። ሆክየን የሚባሉት ቻይናውያን (ከደቡብ ቻይና የመጡ ናቸው) ዘጠነኛውን ቀን፣ የሰማዩን ንጉሥ ልደት፣ ከአዲስ ዓመቱም በላይ ያከብሩታል። በደሴቲቱ ከተማ ጆርጅታውን፣ ባሕር ዳር ቹ ጀቲ የሚባለው የቻይናውያን መንደር ጋ ረጃጅም ጠረጴዛዎች በአናናስ፣ በኬክና በተጠበሰ አሳማ ይሞላሉ፣ ዳርና ዳር ሙሉ የሸንኮራ አገዳ ይቆማል። አባቶቻችን ከጠላት ያመለጡት አገዳ ውስጥ ተደብቀው ነው ይላሉ። ከእኩለ ሌሊት በፊት ድረሱ፣ መንገዱ በሰው ስለሚጨናነቅ በእግር ይሻላል፣ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ።