ጦሳ ለምን አይጠራም? የድሮ ሌንስ አዲስ ካሜራ ላይ ሲገጠም

ደሴ ውስጥ የድሮ ሌንስ መፈተሽ ቀላል ነው፤ ከቤት ወጥቶ ወደ ጦሳ ተራራ ማነጣጠር ነው።

የቅርቡ ጠርቶ ተራራው ብዥ ካለ፦ ሄሊዮስ 44-2 የተባለውን የድሮ የሶቪየት ሌንስ መጀመሪያ ኒኮን ካሜራዬ ላይ ስገጥመው የጓደኛዬ ፊት እስከ ሽፋሽፍቱ ጠራ፤ ጦሳ ግን የፎከስ ቀለበቱን እስከ ጫፍ ባዞረውም ብዥ እንዳለ ቀረ። የሸጠልኝን ሰውዬ ስረግመው ዋልኩ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። ይህ ባለ 42 ሚሊሜትር ጥርስ ሌንስ የተሠራው ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር እንዲርቅ ነው። የኒኮን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስተዋት ያለው ዲጂታል ካሜራ) ርቀት ደግሞ አዳፕተር፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘው ቀለበት፣ ሳይጨመርበት 46.5 ነው፤ ሌንሱ ወደ ፊት ስለወጣ ሩቁ አይደርስበትም። ውስጡ የሌንስ መስታወት ያለው አዳፕተር ጦሳን ያመጣዋል፣ ጥራቱን ግን ይቀንሰዋል። እኔ አልገዛሁትም፤ ሌንሱን የሰው ፊት ማንሻ አደረግኩት። ካኖን ኢኤፍ 44፣ ሶኒ ኢ ደግሞ 18 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከ45.46 በታች ስለሆኑ እነሱ ላይ መስታወት የሌለው ተራው አዳፕተር ይበቃል።

ቁልፉን ስትጫኑት ካላነሳ፦ ካሜራው ሌንስ የተገጠመለት አልመሰለውም። ሜኑ ውስጥ «ያለ ሌንስ ማንሳት» የሚል ካለ ፍቀዱለትና ወደ ማኑዋል (ኤም) ሂዱ።

ፎከስ ስታደርጉ ከጨለመ፦ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ጠብቧል። 44-2 ሁለት የአፐርቸር ቀለበት አለው። «ቀጭ ቀጭ» የሚለውን 5.6 ላይ አድርጉ፣ ድምፅ የሌለውን እስከ 2 ክፈቱ፣ ፎከስ አድርጉ፣ ከዚያ እስኪቆም መልሱትና አንሱ።

ሰማዩ ጠርቶ ፎቶው ጉም የለበሰ ከመሰለ፦ አፐርቸሩን እስከ 2 ከፍታችሁ በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። አቧራ ብቻ ከሆነ ተዉት፤ ፎቶ ላይ አይወጣም። ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ይጸዳል። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ የመስታወቱን ቅብ ከበላው ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ስለሚይዝ ክረምቱን እዚያ ውስጥ አትዝጉበት። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሏት።

ከደሴ ብርድ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡም ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቱ። ቀዝቃዛው መስታወት ሙቀት ሲነካው ያልበዋል፤ የድሮ ሌንስ ደግሞ መከላከያ ጎማ ስለሌለው እርጥበቱ ውስጥ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዘግቶ ይቆይ፤ እናንተ ሻይ ጠጡ።