ታራጎና አምፊቲያትር ስትሄዱ ከላይ ጀምሩ

ባርሴሎና ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ታራጎናንና የሮማውያኑን አምፊቲያትር (ሕዝብ ዙሪያውን ተቀምጦ ሰው ከሰው፣ ሰው ከአውሬ ሲዋጋ የሚያይበትን ሜዳ) ሳታዩ አትመለሱ። በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ትኬቱ ላይ ግን እንዳትሸወዱ። ፈጣኑ ባቡር የሚያወርዳችሁ ካምፕ ደ ታራጎና የሚባል ጣቢያ ነው፣ እሱ ደግሞ ከከተማው ርቆ ሜዳ ላይ ስላለ እንደገና አውቶቡስ ወይም ታክሲ ፍለጋ ትገባላችሁ፣ ያተረፋችሁት ደቂቃም እዚያው ያልቃል። «ታራጎና» ብቻ የሚለውን ቁረጡ። ባሕሩ ዳር ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በእግር ነው።

የአምፊቲያትሩ በር ቅርብ ነው ብላችሁ ግን ቀጥታ እንዳትገቡ። መጀመሪያ ዳገቷን ውጡና ራምብላ ኖቫ የሚባለው ጎዳና ጫፍ ላይ ያለው የሜዲትራኒያን ሰገነት ጋ ቁሙ። የከተማው ሰው ለዕድል ብሎ የብረት አጥሩን ይነካል (እኔም ነክቻለሁ፣ ምን ይጎዳል)። ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አድርጋችሁ በግራ በኩል ቁልቁል ስታዩ አምፊቲያትሩ እንዳለ ይታያል። መሃሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ አለ፤ ታች ከወረዳችሁ በኋላ ግን የድንጋይ ክምር ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ከላይ ጀምሩ የምለው።

ያ መስቀል የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። ከሥሩ ደግሞ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ባዚሊካ፣ ማለትም የቀደመ ቤተ ክርስቲያን፣ አለ። ሰው ሲገደል ሕዝብ ቁጭ ብሎ በሚያይበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ለምን ተሠራ? እ.ኤ.አ. በ259 ጳጳሱ ፍሩክቱዎሶስና ሁለት ዲያቆናቱ፣ አውጉርዮስና ኤውሎግዮስ፣ በቁማቸው የተቃጠሉት እዚሁ ሜዳ ላይ ስለሆነ ነው። እኔ ብዙ የቆምኩት እዚህ ጋ ነው። ጎብኚው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ከባሕሩ ጋር ፎቶ ይነሳል።

ስትገቡ መቀመጫዎቹን ልብ በሉ። በኮረብታው በኩል ያሉት ከራሱ ከዓለቱ የተጠረቡ ናቸው፣ በባሕሩ በኩል ግን ኮረብታ ስለሌለ በቅስት ላይ ነው የገነቧቸው። ሲሠራ፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ 14 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። ከሜዳው ሥር የተቆፈረውን ቦይም ሳታዩ አትውጡ፤ አውሬውም ግላዲያተሩም በገመድ እየተሳበ ወደ ላይ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሰኞ አትሂዱ፣ ይዘጋል። ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ በአውሮፓ በጋ ጠዋት ካልሄዳችሁ ድንጋዩ ራሱ ይጠብሳችኋል። ውኃ ያዙ። ሰርከሱንም ማየት ከፈለጋችሁ የጋራ ትኬት አለ፣ በዩሮ ሒሳብ ለየብቻ ከመቁረጥ ይረክሳል።

ሰርከሱ የሰረገላ ውድድር ይካሄድበት የነበረው ነው፣ ከአምፊቲያትሩ ትንሽ ከፍ ብሎ። አብዛኛው ቦታው ላይ ቤት ተሠርቶበታል። ከደከማችሁ ፕላሳ ዴ ላ ፎንት ሄዳችሁ ቡና እዘዙ፤ አደባባዩ ያረፈው ፈረሶቹ ይሮጡበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ከቤቶቹ አንዳንዶቹ ውስጥ የሮማውያኑ ቅስት ዛሬም ጣሪያ ሆኖ ያገለግላል፣ ስትገቡ ቀና በሉ።