ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ዲቪዲ ሳሎን ሲደርስ እምቢ ካለ

በሊኑክስ በርን ያደረጉት የሰርግ ዲቪዲ ላፕቶፑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እናት ቤት ያለው ማጫወቻ ግን «ኖ ዲስክ» ይላል። ብዙ ሰው ባዶ ዲስኩን ይረግምና ሌላ ገዝቶ ያንኑ ስህተት ይደግማል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዲስኩን አዘገጃጀት ነው። ቪኤልሲ የሚባለው የኮምፒውተር ቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ያገኘውን ሁሉ ስለሚያጫውት በእሱ ብቻ መሞከር አይበቃም።

«ኖ ዲስክ» ሲል

ዲስኩን ከፍተው ውስጡን ይዩ። ያለው አንድ ኤምፒ4 ፋይል ብቻ ከሆነ የሠሩት የዳታ ዲስክ ነው። ለማጫወቻ የሚሆነው «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባል ፎልደር፣ በውስጡም የአይኤፍኦ፣ የቢዩፒና የቪኦቢ ፋይሎች አሉት። ስለዚህ ቪዲዮውን ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ዲቪዲ ወደሚጠቀምበት የቪዲዮ ዓይነት፣ ወደ ኤምፔግ 2፣ ይቀይሩት። «ታርጌት» በሚለው አማራጭ «ፓል ዲቪዲ» ብለው ካዘዙት ምስሉን 720 በ576፣ ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ድምጹን 48,000 ኸርዝ ራሱ ያደርገዋል። ከዚያ ፎልደሩን ዲቪዲኦውተር የሚባለው ፕሮግራም ያዘጋጃል። ትዕዛዝ መጻፍ የሚከብደው ሰው በዲቪዲስታይለር ሁለቱንም መሥራት ይችላል።

ፎልደሩ እያለም እምቢ ካለ ዲስኩ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሳይዘጋ (ፋይናላይዝ ሳይደረግ) ቀርቶ ይሆናል። ግሮውአይሶፍስ በሚባለው የዲስክ መጻፊያ ትዕዛዝ ሲጽፉ «ዲቪዲ ኮምፓት» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ። በኬ3ቢ፣ በመስኮት በሚሠራው የዲስክ መጻፊያ፣ ከሆነ የቪዲዮ ዲቪዲ ፕሮጀክት ይክፈቱ እንጂ የዳታውን አይንኩ።

አዲስ አበባ ሠርቶ አሜሪካ ካልሠራ

እኛ ጋ ዲቪዲ የሚሠራበት የምስል ሥርዓት ፓል ነው፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ፤ እዚያ የተሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ፓልን አይቀበሉም። ለዋሽንግተን ዘመድ «ኤንቲኤስሲ ዲቪዲ» ብለው ሌላ ቅጂ ይሥሩ፦ 720 በ480፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም። የሚሠሩትም ከዋናው ቀረጻ ይሁን፤ ከፓሉ ዲቪዲ ከቀዱት ጥራቱ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ሰርግ ድጋሚ አይቀረጽምና ዋናውን ፋይል በፍጹም አይሰርዙ። ለእስራኤል ወይም ለዱባይ ዘመድ ፓሉ ይበቃል።

ሲቆራረጥ

እስክስታው ሲደምቅ ብቻ ከተቆራረጠ የቪዲዮው ቢትሬት (በሰከንድ የሚነበበው የዳታ መጠን) ከልክ አልፏል፤ የዲቪዲ ጣሪያ በሰከንድ 9.8 ሜጋቢት ነው። መጨረሻው ላይ ከተቆራረጠ ግን የዲስኩን ዳር ይመርምሩ። ዲቪዲ ከመሃል ወደ ውጭ ስለሚጻፍ የቪዲዮው መጨረሻ ያለው ዳሩ ላይ ነው፤ የጣት አሻራና ጭረትም የሚበዛው እዚያው ነው። በ4 ወይም በ8 እጥፍ ፍጥነት ደግመው ይጻፉ፤ የወረቀት ስያሜም አይለጥፉበት።

አልገባም ሲል

ዲቪዲ ፕላስ አር የሚይዘው 4,700,372,992 ባይት ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ በራሱ ልክ ሲሠራ ቪዲዮውን በሰከንድ 6 ሜጋቢት ስለሚያደርገው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። ለሁለት ሰዓት ተኩል በሰከንድ ወደ 3,500 ኪሎቢት ያውርዱት።

ዲስክ ሳያባክኑ መሞከር

መጀመሪያ የአይኤስኦ ፋይሉን (የሙሉውን ዲስክ ቅጂ በአንድ ፋይል) ያዘጋጁና በቪኤልሲ እንደ ዲስክ ይክፈቱት፤ ሜኑውንና እያንዳንዱን ምዕራፍ ይንኩ። ቀጥሎ ተሰርዞ በሚጻፍ ዲቪዲ አርደብልዩ ላይ ጽፈው ሳሎን ባለው ማጫወቻ ይሞክሩ፤ አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻ ግን አርደብልዩ ራሱን ላያነብ ይችላል። የመጨረሻውን ቅጂ ከጻፉ በኋላ «ሲኤምፒ» በሚባለው ትዕዛዝ ዲስኩን ከአይኤስኦው ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ሳያሳይ አይኤስኦው አለቀ ብሎ ካቆመ ደህና ነው፤ የዲስኩ ትርፍ መጨረሻ ላይ የሚጨመር ባዶ መሙያ ነው።