ለእጩ መምህራን፦ ጎበዙን ተማሪ ምን ትሉታላችሁ?

መምህርነት የምትማሩ ልጆች፣ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ ፕሮፌሰር ራንዲ ፓውሽ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ስለ ልጅነት ህልም ያደረጉትን ንግግር ፈልጋችሁ ስሙት። ያኔ በካንሰር ታመው ነበር። ለእናንተ በጣም የሚጠቅመው ግን ስለ ክፍላቸው ያወሩት ይመስለኛል።

ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን የቡድን ሥራ ከጠበቁት በላይ አሳምረው አመጡ። ፓውሽ ምን እንደሚሏቸው ግራ ገባቸውና የቀድሞ መምህራቸውን አማከሩ። የተመከሩት፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ከዚህም የተሻለ መሥራት እንደምትችሉ አውቃለሁ» እንዲሏቸው ነበር። አሏቸውም።

እናንተም ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ ስትወጡ ጎበዙን ተማሪ «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ከበድ ያለ ጥያቄ ጨምሩለት። ወደኋላ የቀረውንም ቢሆን ዝም አትበሉት፤ ተስፋ የቆረጣችሁበት ይመስለዋል። ደብተሩ ላይ ነገ ሊያሻሽለው የሚችለውን አንድ ነገር ጻፉለት።