የበረራ ሰዓት በቀላሉ ለመገመት

ትኬት ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ከመድረሻው ቀንሳችሁ የበረራውን ርዝመት አታስሉ። ሁለቱም የየአገሩ ሰዓት ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ይልቅ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያዙና ለ850 (ጄት አውሮፕላን በሰዓት የሚበረው ኪሎ ሜትር ገደማ) አካፍሉት። ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ከለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ እስከ ኒውዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስሌቱ 7 ሰዓት ይሰጣችኋል። ግን ወደ ምዕራብ ሲበረር ከፊት የሚመጣው ኃይለኛ ነፋስ ስለሚይዘው ወደ 8 ሰዓት ይጠጋል። ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል።

ርቀቱን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ እንዳትለኩ፣ አደራ! ሉል ካላችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጠር አድርጉ። ክሩ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ሲያልፍ ታያላችሁ፤ አጭሩ መንገድ እሱ ነው።