የፕላስቲክ የፊልም ካሜራን መልክ በጊምፕ ማምጣት፤ ጅሬን ላይ በተነሣ አንድ ፎቶ

ጅማ ወዳለው ፎቶ ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች በስልካቸው ያነሡትን ፎቶ እያሳዩኝ «ጋሼ፣ እንደ ፊልም አድርግልኝ» ይሉኛል። ምን ማለታቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው የሚፈልጉት የአያቶቻቸውን የሠርግ ፎቶ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ሳይሆን፣ ማእዘኑ የጠቆረ፣ ዳሩ ብዥ ያለ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ በኩል ቀይ ብርሃን የፈሰሰበት ካሬ ፎቶ ነው። ይህ መልክ ሁለት ርካሽ የፕላስቲክ ካሜራዎች ያተረፉልን ነው። አንደኛዋ በ1960ዎቹ (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን ነው) ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራችው ዲያና ስትሆን፣ ሁለተኛዋ እዚያው ሆንግ ኮንግ በ1982 የወጣችው ሆልጋ ናት። ሁለቱም ሌንሳቸው ፕላስቲክ፣ ሳጥናቸውም ፕላስቲክ ነው፤ ፎቶ አንሺዎች የወደዷቸውም ያንን ርካሽነታቸውን ሳይጠሉ፣ ከርካሽነቱ የሚወጣውን ምስል አይተው ነው።

ከዓመታት በፊት እኔም ይህን መልክ ለማምጣት ስሞክር፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ዝግጁ ፊልተር በአንድ የሙሽሮች ፎቶ ላይ ጫንኩበት። ሰማዩ አማረ፤ የሙሽራዪቱ ጉንጭ ግን በጥላው በኩል አረንጓዴ ሆነ፣ ነጩ ቬሎም ቢጫ ሆነ። ደንበኛዬ ፎቶውን ከተቀበለች በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብላ አይታው «ይህች እኔ ነኝ?» አለችኝ። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ጉድለቶቹን አንድ በአንድ፣ ከምን እንደመጡ እያወቅሁ መሥራት ጀመርኩ። የደረስኩበት አሠራር ይህ ነው፤ ጉድለቶቹ የሚደራረቡት ብርሃኑ በካሜራው ውስጥ በተጓዘበት ቅደም ተከተል መሆን አለበት። ብርሃን መጀመሪያ ሌንሱን ያልፋል፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ፊልሙ ላይ ያርፋል፣ በመጨረሻ ፊልሙ ይታጠባል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ዐይን ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ አንድ ነገር እንዳልተስማማ ይሰማዋል።

ለምሳሌ የምጠቀምበት ፎቶ ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጅሬን ኮረብታ፣ ከ1878 እስከ 1932 ጅማን በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሐምሌ ወር ከዝናብ በኋላ የተነሣ ነው። የእኅቴ ልጅ ነጠላዋን ተከናንባ በእንጨቱ በረንዳ ሥር ቆማለች፤ ከኋላዋ የተቀረጸው የበረንዳው መከታ ይታያል፣ ሰማዩ ደመና ነው፣ ሣሩም ዝናብ እንደጠገበ ነው። ሶፍትዌሩ ጊምፕ የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ነው፤ በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሊጭነው ይችላል፤ ፎቶሾፕ ያለው ሰውም የምናገራቸውን ነገሮች ሁሉ ተቀራራቢ ስም ይዘው ያገኛቸዋል።

በመጀመሪያ ፎቶውን ካሬ አድርገው ይቁረጡት። ሆልጋ 120 በሚባለው ሰፊ ፊልም ላይ ስድስት በስድስት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ካሬ ምስል ታነሣለች፤ የጥንቷ ዲያና ምስል ደግሞ አነስ ያለ፣ 4.2 በ4.2 ሴንቲ ሜትር ነበር። የስልኩ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ከሆነ 3000 በ3000 ይቀርልዎታል፤ ከዚህ በታች የምሰጣቸው ቁጥሮችም ለዚህ መጠን ናቸው። ዋናው ሰው ወይም ነገር ወደ መሃል እንዲቀርብ አድርገው ይቁረጡ፤ ምክንያቱም በእነዚህ ካሜራዎች ጥርት ብሎ የሚወጣው መሃሉ ብቻ ነው።

ከዚያ የስልኩን ሥራ ማፍረስ ያስፈልጋል። የዛሬ ስልኮች ጥላውን ያበራሉ፣ ሰማዩን ያወርዳሉ፣ እያንዳንዱን ቅጠል ያሾላሉ፤ የፕላስቲክ ካሜራ ደግሞ ከዚህ አንዱንም አታውቅም። የሆልጋ መዝጊያ ፍጥነት አንድ ብቻ ነው፣ ከሰከንድ አንድ መቶኛው አካባቢ፤ ስለዚህ ብርሃኑ ሲያንስ ፎቶው ይጨልማል፣ ሲበዛም ይነጣል። «ከለርስ» ከሚለው ዝርዝር «ከርቭስ»ን (የምስሉን ጥላና ብርሃን በአንድ መስመር የሚያስተካክለውን መሣሪያ) ከፍተው የመስመሩን የታችኛውን ሩብ በጥቂቱ ወደ ታች ይሳቡት። በእኔ ፎቶ ላይ ስልኩ ያበራው የበረንዳው ሥር ወደ ጥላነቱ ሲመለስ፣ የልጅቷ ነጭ ነጠላ ብቻውን ጎልቶ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። በጋ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ የተነሣ ፎቶ የደመቀ ቀለምና የጠነከረ ጥላ ይሸከማል፤ የጅማ ክረምት ግን ደመናው ዝቅ ያለና ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ፣ እውነተኛዋ ካሜራ በዚያ ቀን ብትኖር ኖሮ የምታወጣው ምስል ፈዘዝ ያለና የፊልሙ ቅንጣት (ምስሉ ላይ የሚታየው ደቃቅ ነጠብጣብ) የጎላበት ነበር። የሐምሌን ፎቶ የጥር ለማስመሰል መታገል ድካሙ ብዙ፣ ፍሬው ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ሌንሱ እንግባ፤ ረጅሙ ሥራም ይህ ነው። የፕላስቲክ ሌንስ አንድ ጎባጣ ቁራጭ በመሆኑ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው በመሃሉ ነው፤ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ምስሉ ይላላል፣ ቀለማቱም እኩል ስለማይታጠፉ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። መጀመሪያ ቀለማቱን እንለያይ። «ከለርስ»፣ «ኮምፖነንትስ»፣ «ዲኮምፖዝ» ብለው አር.ጂ.ቢ.ን ሲመርጡ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው በየራሳቸው ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የምስል ንብርብር) ይቀመጣሉ። የቀዩን ሌየር ብቻ ከ3000 ወደ 3008 ፒክስል ያሳድጉት፤ ከዚያ «ሌየር ቱ ኢሜጅ ሳይዝ» በሚለው ትርፉን ቆርጠው «ሪኮምፖዝ» ይበሉ። ስምንት ፒክስል ከምንም የማይቆጠር ይመስላል፤ ፎቶውን አጉልተው የበረንዳውን መከታ ጫፍ ቢመለከቱ ግን በእንጨቱ አንድ ጎን ቀጭን ቀይ፣ በሌላው ጎን ውኃ ሰማያዊ ክር ተዘርግቶ ያገኛሉ፤ መሃል ላይ ባለችው ልጅ ፊት ግን ምንም አይታይም። ከ12 ፒክስል በላይ ካሳደጉት ግን ምስሉ በአግባቡ ያልታተመ ጋዜጣ ይመስላል።

ቀጥሎ ብዥታው ነው። ሌየሩን ያባዙና በላይኛው ላይ ከ«ፊልተርስ» ውስጥ «ጋውሺያን ብለር»ን መርጠው መጠኑን 8 አካባቢ ያድርጉ፤ በዚያው ላይ «ዙም ሞሽን ብለር»ን በትንሹ ቢጨምሩበት ይበልጥ ይሳካል፤ ምክንያቱም የእውነተኛው ሌንስ ብዥታ ከመሃል ወደ ውጭ የሚሳብ እንጂ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሆነ አይደለም። ለዚህ ሌየር ማስክ (ጥቁሩ ሌየሩን የሚሸፍን፣ ነጩ የሚያሳይ መጋረጃ) ይጨምሩለትና የቀለም መሸጋገሪያውን መሣሪያ፣ ማለትም «ግራዲየንት»ን ይምረጡ፤ ቅርጹ «ራዲያል»፣ መነሻው ጥቁር፣ መድረሻው ነጭ ይሁን፤ «ኦፍሴት» የሚለውንም 30 ያህል ያድርጉት። ከልጅቷ ፊት ተነሥተው እስከ ማእዘኑ ሲስቡ መሃሉ ጥርት እንዳለ ይቀራል፣ ዳሩም ቀስ በቀስ ይላላል። የመሸጋገሪያው መነሻ የግድ የፎቶው ትክክለኛ መሃል መሆን የለበትም፤ ርካሽ ካሜራ ሌንሷ በትክክል ተስተካክሎ የተገጠመ ስለማይሆን፣ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ብዥታ ይበልጥ እውነት ይመስላል።

ማእዘኑን ማጥቆር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዝግጁ የሆነው የማጥቆሪያ ፊልተር ብዙ ጊዜ በምስሉ ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ጥላሸት ይደርባል፤ ዳሩ ላይ ያለው ሣር አረንጓዴነቱን ትቶ ግራጫ ይሆናል። በእውነተኛዋ ካሜራ ግን ዳሩ የሚጠቁረው ሌንሱ የሚሰጠው የብርሃን ክብ ወደ ማእዘኖቹ ሲሄድ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ እዚያ ያለው ፊልም ያነሰ ብርሃን ስለሚያገኝ ነው። ስለዚህ ጥቁር አይቀቡ፤ ሁሉንም የሚያካትት አዲስ ሌየር በ«ኒው ፍሮም ቪዝብል» ይፍጠሩ፣ ሁኔታውን («ሞድ»፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ሌየር ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ) «መልቲፕላይ» ያድርጉት፣ ቀደም ሲል እንዳደረግነው የራዲያል ማስክ ይስጡት። ምስሉ በራሱ ላይ ሲባዛ ይጨልማል፣ ቀለሙም በዚያው ልክ ይጠልቃል፤ የጅሬን ሣር በማእዘኖቹ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይሞትም። ጥንካሬው ከበዛ «ኦፓሲቲ»ውን (የሌየሩን ድፍንነት) ወደ 70 በመቶ ይቀንሱ።

ከሌንሱ ወደ ሳጥኑ ስንመጣ ሾልኮ የሚገባውን ብርሃን እናገኛለን። የካሜራዋ ጀርባ በደንብ ስለማይገጥም፣ የፊልሙ ቁጥር የሚነበብባት ትንሽ ቀይ መስኮትም ስላለች ብርሃን ይገባል፤ የሆልጋ ባለቤቶች የካሜራቸውን መጋጠሚያ በጥቁር ፕላስተር የሚያሽጉትም ለዚህ ነው። የቀለም ፊልም ላይ ሰማያዊውን የሚቀበለው ሽፋን ከፊት፣ ቀዩን የሚቀበለው ከኋላ ስለሆነ፣ ከጀርባ የገባ ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው ቀዩን ነው፤ ፍሰቱ ወደ ቀይና ብርቱካናማ የሚያደላበት ምክንያት ይኸው ነው። አዲስ ባዶ ሌየር ከፍተው ሁኔታውን «ስክሪን» ያድርጉ። ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ከፎቶው ዳር ጀምረው ደማቅ ቀይ ይቀቡ፣ ከቀዩ ውስጥ ጠበብ ያለ ብርቱካናማ፣ ከብርቱካናማው ውስጥ ደግሞ ጠርዙን ተጠግቶ ወደ ነጭ የቀረበ ቢጫ ያድርጉበት፤ ከዚያ በ«ጋውሺያን ብለር» መጠኑን 150 አድርገው ያደብዝዙት። ፍሰቱ ሁልጊዜ ከዳር መነሣት አለበት። ከምስሉ መሃል የሚጀምር፣ በተለይም ሰው ፊት ላይ የሚያርፍ ብርሃን ከየት ገባ ሊባል ነው? በእኔ ፎቶ ላይ በስተቀኝ ካለው የበረንዳ ምሰሶ ውጭ ጀምሮ እስከ ምሰሶው ብቻ እንዲደርስ አደረግሁት።

ከዚህ በኋላ እጥበቱ ይመጣል። የብዙዎች ምኞት የሆነው ያ የተጋነነ ቀለም የሚገኘው ለስላይድ (ምስሉ በትክክለኛ ቀለሙ ፊልሙ ላይ ለሚታይበት) የተሠራ ፊልም ለኔጋቲቭ (ቀለሙ ተገልብጦ ለሚታይበት) በተዘጋጀ ኬሚካል ሲታጠብ ነው፤ ስላይዱ ኢ-6 የሚባል አጠባብ፣ ኔጋቲቩ ሲ-41 የሚባል አጠባብ አላቸው፣ ሲቀያየሩ ጥላና ብርሃን ይራራቃል፣ ቀለማቱም ከሚዛናቸው ይወጣሉ። እንደገና «ኒው ፍሮም ቪዝብል» ብለው በአዲሱ ሌየር ላይ «ከርቭስ»ን ይክፈቱ። መስመሩ ከ0 (ከጨለማው) እስከ 255 (እስከ ብሩሁ) ይሄዳል፤ በቀዩ መስመር ላይ 64ን ወደ 45፣ 192ን ወደ 215 ይውሰዱ፤ በአረንጓዴው 64ን ወደ 55፣ 192ን ወደ 205፤ በሰማያዊው ግን ተቃራኒውን፣ የታችኛውን ጫፍ ከ0 ወደ 35 ከፍ፣ የላይኛውን ጫፍ ከ255 ወደ 220 ዝቅ ያድርጉ። ጥላው ሰማያዊ ይቀባል፣ ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል።

ሙሽራዪቱን ያበላሸብኝ ይህ ደረጃ ስለሆነ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። የእኛ ሰው የቆዳ ቀለም ቡናማ ነው፤ በፊቱ ጥላ በኩል ያለው ቀይ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ አጋማሽ በታች ስለሚያርፍ፣ የቀዩን ታችኛውን ክፍል ስንጫነው ፊቱ ሕይወቱን ያጣል፣ አረንጓዴውና ሰማያዊውም ይወጣበታል። ስለዚህ ለዚህ ሌየር ነጭ ማስክ ጨምረው በለስላሳ ብሩሽ፣ በ50 ኦፓሲቲ፣ በጥቁር ፊትና እጅ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይለፉ። ከሥር ያለው ያልታጠበው ምስል በግማሽ ብቅ ይላል። ጨርሰው አያጥፉት፤ ፊቱ ብቻ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላልና። የእኅቴ ልጅ ጉንጭ በዚህ መንገድ የቡና ቀለሙን ሲያገኝ፣ ነጠላዋ ግን ቢጫነቱን ይዞ ቀረ፤ ያ ተስማምቶኛል። ከዲያና ጋር የሚቀራረብ ፈዘዝ ያለ መልክ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ ከርቭ ትቶ፣ የጥቁሩን ጫፍ ብቻ ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ይበቃዋል። ጥቁርና ነጭ ማድረግም ፈጽሞ ሊናቅ አይገባም፤ የአሜሪካው ጋዜጠኛ ፎቶ አንሺ ዴቪድ በርኔት ዕጩ ፕሬዚዳንት የነበሩትን አል ጎርን በሆልጋ አንሥቶ የተሸለመበት ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው።

የፊልሙ ቅንጣት የሚወለደው በእጥበቱ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይገባል። መካከለኛ ግራጫ የሞላ ሌየር ይፍጠሩ፣ «አር.ጂ.ቢ. ኖይዝ»ን ሦስቱ ቀለሞች አንድ ላይ እንዲሄዱ አድርገው ይጨምሩ፣ በ0.8 ብለር ያለስልሱት፣ ሁኔታውን «ኦቨርሌይ» ያድርጉ። ቅንጣቱ በጥቁሩና በነጩ ጫፍ ላይ ጠፍቶ በመካከለኛው ብርሃን ላይ ብቻ ይታያል፤ ፊልም ላይም እንዲሁ ነው። ጭረትና የጣት አሻራ አልጨምርም፤ ያ ፊልሙን ያጎሳቆለው ሰው ጥፋት እንጂ የካሜራዋ አይደለም።

መብራት ሳይታሰብ ሊጠፋ ስለሚችል በየደረጃው ያስቀምጡ፤ ሌየሮቹን የሚጠብቀው የጊምፕ የራሱ ፋይል ኤክስ.ሲ.ኤፍ. ነው፣ ለማሳተምና ለመላክ ብቻ ጄፔግ ያውጡ። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በስልኩ ላይ ስናፕሲድ በተባለው መተግበሪያ ከርቭ፣ የሌንስ ብዥታ፣ የማእዘን ማጥቆሪያና የፊልም ቅንጣት ስለሚያገኝ በዚሁ ቅደም ተከተል ሊሠራ ይችላል፤ የቀለማቱ መለያየት ብቻ ይቀርበታል።

አንድ ፎቶ ሳይሆን ተከታታይ ፎቶዎችን የሚያዘጋጁ ከሆነ፣ በ120 ፊልም አንድ ጥቅል 12 ካሬ ፎቶ እንደሚወጣ አስበው 12ቱን አንድ ካሜራ እንዳነሣቸው አድርገው ይሥሯቸው። የካሜራዋ ክፍተት ቦታውን ስለማይቀይር ብርሃኑ በሁሉም ላይ በአንድ ወገን ይገባል፤ ብዥታውም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የብርሃኑን ሌየር ከጅሬኑ ፎቶ ገልብጠው በሌሎቹ ላይ እዚያው ቦታ ያስቀምጡትና ጥንካሬውን ብቻ ይለዋውጡ። አዌቱ ወንዝ ዳር በደመና የተነሣው ላይ ወደ 20 ይውረድ፤ በቀትር ፀሐይ ገበያ መሃል የተነሣው ላይ ደግሞ ወደ 80 ይውጣ።